ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር፦ የሳውንድ ካርድ ታሪክና ቤት ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው የሚሆን ምርጫ



በመጋዘናችን ጥግ አንድ የቆየ ካርቶን አለ። ውስጡ 31 ሳውንድ ካርዶች አሉ፤ ሲገባ 36 ነበሩ። በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ በትልቅ ፊደል «24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ ካርዶቹም አልተበላሹም። የእቁብ ገንዘባችን ግን እዚያ ካርቶን ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

ዛሬም ስልክ ደውሎ «ቤቴ ውስጥ መዝሙር ልቀርጽ ነው፤ ከናይሮቢ ስትመጡ ጥሩ ሳውንድ ካርድ አምጡልኝ፣ 24 በ96 ይሁን» የሚለን ሰው አለ። የምንመልስለት በጥያቄ ነው። ያንን ጥያቄ እንዴት እንደተማርን ለማስረዳት ግን ከታሪኩ መነሳት ይሻላል። ይህ ዕቃ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ያላወቀ ነጋዴ የሚገዛው ማሸጊያውን ነውና። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮምፒውተር በፊት

ባለብዙ ትራክ ቀረጻ ማለት እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር ለይቶ መቅረጽ ነው። ዘፋኙ አንድ መስመር፣ ክራሩ ሌላ መስመር፣ ከበሮው ሌላ መስመር ይይዛሉ። ጥቅሙ የሚታወቀው ሲሳሳቱ ነው። ዘፋኙ አንድ ቃል ቢስት የእሱን መስመር ብቻ ደግሞ መቅረጽ ይቻላል። ክራሩ ጎልቶ ከወጣም ሌላው ሳይነካ ዝቅ ይደረጋል።

ይህ ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ አብሮ ይጫወት ነበር። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ ማውጣት ሲጀምርም ሙዚቀኞቹ በአብዛኛው የሚቀረጹት አብረው እየተጫወቱ ነበር። ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ ይመለሳል። እንግዲህ ሙዚቃችን ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ነበር ማለት ነው።

በውጭው ዓለም ደግሞ ጊታር ተጫዋቹ ሌስ ፖል በ1940ዎቹ ቤቱ ውስጥ አንዱን ቀረጻ በሌላው ላይ እየደረበ ብቻውን እንደ ባንድ መሰማት ጀምሮ ነበር። በ1957 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስምንት ትራክ ያለው የቴፕ መቅረጫ ሠርቶ አስረከበው። ያ መሣሪያ የሀብታም ዕቃ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1967፣ ቢትልሶች ሳርጀንት ፔፐር የተባለውን አልበም ለንደን ውስጥ የሠሩት በባለ አራት ትራክ መቅረጫ ነው።

አራት ትራክ ወደ ተራ ሰው ቤት የገባው በ1979 ነው። ቲያክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በታስካም ስም ፖርታስቱዲዮ የሚባል መሣሪያ አወጣ። ይህን በተለይ ካሴት የነገዱ ታላላቆቻችን ይረዱታል። ካሴት ሁለት ገጽ አለው፤ በየገጹ የግራና የቀኝ ድምፅ አለ፤ በጠቅላላው አራት መስመር ነው። ፖርታስቱዲዮው አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ተጠቀመባቸው፤ ጥራቱ እንዲሻሻልም ካሴቱን በእጥፍ ፍጥነት አዞረው። ሱቅ የሚሸጠው ያው ካሴት ስቱዲዮ ሆነ። በ1992 ደግሞ አሌሲስ የተባለ ኩባንያ ስምንት ትራክ በቪዲዮ ካሴት ላይ በዲጂታል የሚቀርጽ አዳት የሚባል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። ለቤተሰብ ያ ገንዘብ ብዙ ነው፤ ከዚያ በፊት ለስቱዲዮ ይወጣ ከነበረው ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን። እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ሲነገርላቸው የሚቀድመው የትራካቸው ብዛት ነበር። «ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይቀርጻል?» የሚለው ጥያቄ ቀዳሚ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ነው ያ ጥያቄ የተረሳው።

ኮምፒውተሩ አፉን ሲፈታ

በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ከድምፅ ያለው ነገር ቢኖር «ቢፕ» የምትል ትንሽ ስፒከር ብቻ ናት። በ1987 አድሊብ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ለጨዋታዎች ሙዚቃ የሚያሰማ ካርድ አወጣ። በ1989 ክሪኤቲቭ የተባለው የሲንጋፖር ኩባንያ ሳውንድ ብላስተርን ይዞ መጣ። ይህኛው ከማሰማት አልፎ መቅረጽም ይችል ነበር፤ ግን 8 ቢት፣ በአንድ መስመር ብቻ። በ1992 ሳውንድ ብላስተር 16 ሲወጣ የሲዲ ቁጥር፣ ማለትም 16 ቢትና 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ።

ብዙ ሰው «ሲዲ ጥራት ከተገኘ እንግዲህ ምን ቀረ?» አለ። ቀርቶ የነበረው ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ሲቀርጽ ማሰማት፣ ሲያሰማ መቅረጽ አይችልም ነበር። ባለብዙ ትራክ ቀረጻ የሚቆመው ደግሞ በዚሁ ላይ ነው፤ ቀድሞ የተቀረጸውን ክራር በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ዘፋኙ ድምፁን መደረብ አለበት። ካርዱ ይህን ካልቻለ ቢቱ ቢበዛ ምን ይሠራል? ማሸጊያው ላይ ይህን የሚናገር መስመር አልነበረም። ቁጥሩ ግን በትልቁ ተጽፎ ነበር።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ቁጥሩን ለመረዳት ሚዛን አስቡ። ዲጂታል ቀረጻ ማለት ድምፅን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየመዘኑ ውጤቱን መጻፍ ነው። ኪሎ ኸርዙ በሴኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚመዘን ይናገራል፤ 44.1 ማለት 44,100 ጊዜ፣ 96 ማለት 96,000 ጊዜ ነው። ቢቱ ደግሞ ሚዛኑ ላይ ስንት መስመር እንዳለ ይናገራል። 16 ቢት 65,536 መስመር አለው፤ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ። አንዱ ኪሎ ብቻ የሚያሳይ ሚዛን ቢሆን ሌላው ግራም የሚቆጥር የወርቅ ሚዛን ነው።

24 ቢት ለቀራጭ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። እያንዳንዱ ቢት በቀላሉና በከባዱ ድምፅ መካከል 6 ዴሲቤል ያህል ቦታ ይጨምራል። 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት በወረቀት ላይ ወደ 144 ዴሲቤል ይሰጣል። ሰው ሲዘፍን ድንገት ከፍ ይላል፤ እልልታ አለ፣ ጭብጨባ አለ። በ24 ቢት የሚቀርጽ ሰው መጠኑን ዝቅ አድርጎ ቦታ ሊተው ይችላል፤ ኋላ ከፍ ሲያደርገው ድምፁ ከነውበቱ ይነሳል። በወረቀት ላይ ያልነው በምክንያት ነው፤ ጥሩ የሚባለው ካርድ እንኳ በተግባር የሚደርሰው እስከ 120 ዴሲቤል ገደማ ነው። የቤታችን የፍሪጅ ድምፅና የጎረቤት ዶሮ ከዚያ በፊት ይቀድሙናል።

96 ኪሎ ኸርዝ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሰው የሚሰማው ድምፅ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይቀንሳል። አንድን ድምፅ በትክክል ለመያዝ ከእጥፉ በላይ መመዘን ይበቃል፤ 44.1 የተመረጠውም ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው። 96 ለማጣሪያው ሥራ ቦታ ይሰጣል፤ ዋጋውን ግን ሃርድ ዲስኩ ይከፍለዋል። አንድ መስመር በ16 ቢትና በ44.1 በደቂቃ 5.3 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በ24 ቢትና በ96 ግን ከ17 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ስምንት መስመር ያለው የአምስት ደቂቃ መዝሙር 690 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሲዲ ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውተር ይዞ ለተቀመጠ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ካርዱ ስቱዲዮ የሆነበት ዘመን

የቤት ስቱዲዮን እውን ያደረጉት ማሸጊያ ላይ በትልቁ የማይጻፉ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው መዘግየትን የሚመለከት ነው። በዊንዶውስ ተራ መንገድ ድምፅ ገብቶ እስኪወጣ የሚወስደው ጊዜ ዘፋኝን ያደናብር ነበር። በ1997 የጀርመኑ ስታይንበርግ አሲዮ የተባለ ድራይቨር አሠራር አወጣ፤ ሙዚቃ መቅረጫው ፕሮግራም ከካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር አደረገ። መዘግየቱን በእግር ርቀት ብታስቡት ይገባችኋል። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሺህኛ ሴኮንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ካርዱ 46 ሺህኛ ሴኮንድ ከዘገየ ከበሮ መቺው ከ15 ሜትር በላይ ርቆ እንደቆመ ያህል ነው። ከእንዲህ ያለ ከበሮ ጋር ማን ምት ይጠብቃል? መዘግየቱ ወደ 6 ሲወርድ ግን መቺው ሁለት ሜትር ላይ አጠገባችሁ አለ።

ሁለተኛው የመግቢያ ብዛትና የጋራ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው «ሁለት ርካሽ ካርድ ገዝቼ አራት መስመር አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። እያንዳንዱ ካርድ ግን መዛኙን የሚመራ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ እኩል አይሄድም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ነው እንበል፤ በአምስት ደቂቃ መዝሙር መጨረሻ 15 ሺህኛ ሴኮንድ ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ አብረው የነበሩት ክራርና ከበሮ መጨረሻ ላይ ይዛነፋሉ። ስለዚህ መፍትሔው በአንድ ሰዓት የሚመሩ ብዙ መግቢያዎች ያሉት አንድ ካርድ ነው።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። የኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ማራገቢያው፣ ዲስኩና የኃይል መስጫው ይንጫጫሉ፤ ያ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ወደ ድምፁ ይገባል። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት ጥሩ ካርዶች ድምፁን የሚመዝነውን ክፍል ከኮምፒውተሩ አውጥተው ለብቻው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ኤም-ኦዲዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዴልታ 1010 እንዲህ ያለ ነበር፤ ስምንት የአናሎግ መግቢያና ስምንት መውጫ፣ በዚያ ላይ ሁለት የዲጂታል መስመር። ያው ኩባንያ ኦዲዮፋይል 2496 የሚባል ካርድም ነበረው፤ እዚያ ቁጥሩ ራሱ የዕቃው ስም ሆነ። ሁለቱም 24 በ96 ናቸው። አንዱ ግን ባንድ ይቀርጻል፤ ሌላው ሁለት መግቢያ ብቻ አለው። ሁለቱም ቢሆኑ ማይክ በቀጥታ አይቀበሉም፤ የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ሚክሰር ወይም ፕሪአምፕ ከፊታቸው ያስፈልጋል። በማሸጊያው ቁጥር ብቻ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ማይኩን ሊሰካ ሲል ነበር።

የእኛ እቁብ

ወደ ካርቶናችን እንመለስ። በ2008 እቁብ ደረሰን። በዚያው ሰሞን ናይሮቢ ሉቱሊ አቬኑ ላይ አንድ ጅምላ ሻጭ ባለ ሁለት መግቢያ የፒሲአይ ካርዶችን ከወትሮው በግማሽ ዋጋ አቀረበልን። ሉቱሊን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ እስከ ታች ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሪቨር ሮድ ደግሞ በትንንሽ የሙዚቃ ስቱዲዮዎቹ የታወቀ ነው። «24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ» የሚለውን አይተን ሌላ አልጠየቅንም። ሰውየው ለምን በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ እንኳ አልጠየቅነውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ ግን ያፈሰስነውን መልቀምም አልቻልንም።

በሞያሌ በኩል 36ቱን ይዘን ገባን። ሰባት ሸጥን። ከሰባቱ ሁለቱ ተመለሱ። አንደኛው ደንበኛ የያዘው ላፕቶፕ ነው፤ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ የለውም። ሁለተኛው አዲስ ዴስክቶፕ ገዝቶ ነበር፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት አዲሶቹ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያዎች ብቻ ናቸው፤ የእኛ ካርድ አይገባባቸውም። ሁለቱም ደንበኞች ጨዋዎች ነበሩ፤ አልጮኹብንም። አንደኛው «ወንድሞቼ፣ እናንተን አምኜ ነው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ወጣ። ቢጮህብን ይሻለን ነበር።

ጅምላ ሻጩ አላታለለንም። ፒሲአይ ከ1992 ጀምሮ ያለ መሰኪያ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረውን አይኤስኤ ቀስ በቀስ አስወጥቶ ቦታውን ወስዷል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተራው እሱን ማስወጣት ጀመረ። ሰዉም ወደ ላፕቶፕ ዞረ። ሉቱሊ ላይ ይህን ያወቀ ሰው ዕቃውን አራገፈ፤ ያላወቅነው ተሸከምነው። ያየነው በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ማየት የነበረብን ግን ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ ነበር።

መሰኪያ እንደ ገበያ ነው፣ ይነሳል ይወድቃል

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታሪክ በጥንቃቄ ተከታተልን። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ሆድ ጨርሶ ወጥቶ ውጭ የሚቀመጥ ሣጥን ሆነ፤ አሁን ብዙ ሰው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይለዋል። መጀመሪያ የጎላው በፋየርዋየር የሚሰካው ነበር፤ በፍጥነቱ ብዙ መስመር ይሸከማል። ብዙ ስቱዲዮዎች ገንዘባቸውን እሱ ላይ አፈሰሱ። ኮምፒውተር ሠሪዎች ግን መሰኪያውን እየተዉት ሄዱ፤ ዛሬ ገበያ ላይ ካለ አዲስ ላፕቶፕ ፋየርዋየር አታገኙም። የእኛ ካርቶን ታሪክ በሌላ ስም ተደገመ።

ዩኤስቢ ደግሞ በተቃራኒው ደካማ ሆኖ ጀምሮ በረታ። የመጀመሪያው ዩኤስቢ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው። በ24 ቢትና በ96 አንድ መስመር ብቻ 2.3 ሜጋቢት ይፈልጋል። ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ሲሆን ከ9 ያልፋል፤ ቧንቧው ሞላ ማለት ነው። በዚያ ዘመን «24 በ96» የተባለ የዩኤስቢ ሣጥን በሙሉ ቁጥሩ ሲሠራ የሚይዘው መስመር ጥቂት ነበር። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ዩኤስቢ 480 ሜጋቢት ሲያደርገው በሩ ተከፈተ።

ከዚያም ድራይቨር ሳያስጭን የሚሠራ የጋራ ስምምነት መጣ። ሁለተኛው የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ በ2006 ወጣ፤ ዊንዶውስ በራሱ የተቀበለው ግን በ2017 ነው። ይህ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። የራሱን ድራይቨር ብቻ የሚፈልግ ዕቃ ኩባንያው ድራይቨሩን ማደስ ያቆመ ቀን ያረጃል። የጋራውን ደንብ የሚያከብር ዕቃ ግን ኩባንያው ቢዘጋ እንኳ ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገሩን ሊቀጥል ይችላል። ከአንዳንድ ታብሌቶችና ስልኮች ጋርም ይሠራል።

አንድ ነገር እንጨምር። በጥቅምት 2020 ጃፓን ኖቤኦካ ከተማ የሚገኘው የአሳሂ ካሴ ፋብሪካ ተቃጠለ። ብዙ ኢንተርፌሶች ውስጥ ያለውን ድምፅ መዛኝ ቺፕ የሚሠራው እሱ ነበር። የተለያየ ስም የያዙ ኩባንያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቺፕ አጡ፤ ብዙዎቹም ዕቃቸውን በሌላ ቺፕ እንደገና ለመንደፍ ተገደዱ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ማሸጊያው ላይ ያለው ስም ቢለያይም ውስጡ ያለው መዛኝ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ ነው። ዕቃዎቹን የሚለያያቸው ማይኩን የሚያጎላው ክፍል፣ ድራይቨሩና መሰኪያው ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። ሳውንድ ካርድም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ ቁጥሩን ትተን ከሚከተለው እንጀምራለን።

መጀመሪያ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ትቀርጻለህ? «በጠቅላላው ስንት ትራክ» አይደለም ጥያቄው። አንድ ሰው ብቻውን ክራሩን ቀርጾ፣ ከዚያ ድምፁን፣ ከዚያ ከበሮውን እየደረበ ሃያ ትራክ ቢሠራ ሁለት መግቢያ ይበቃዋል። አምስት ሰው አብሮ የሚጫወት ባንድ ወይም በየሰዉ ማይክ የሚይዝ የመዘምራን ቡድን ከሆነ ግን ስምንት መግቢያ ያለው አንድ ሣጥን ያስፈልገዋል። ሁለት ትናንሽ አይተኩትም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል።

ሁለተኛ፦ ምን ይሰካበታል? ማይክ ከሆነ የማይክ መግቢያ ማለትም ኤክስኤልአር ይኑረው። ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ 48 ቮልት ፋንተም የሚሰጥ መሆን አለበት። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ወይም ጊታር ከሆነ ለመሣሪያ የተዘጋጀ መግቢያ ይፈልጋል፤ በተራው መግቢያ ቢሰካ ድምፁ ደብዝዞ ይወጣል። ማሲንቆና በገና ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ የማይክ ማጉያው ጸጥተኛ መሆን ከሁሉ ይበልጣል። በገና በዝግታና በለሆሳስ የሚደረደር ነው፤ ማጉያው ሽሽሽ የሚል ከሆነ ሽሽታው ከአባቶች ዜማ ጋር ለዘላለም ተቀርጾ ይኖራል። የሽማግሌ ድምፅ ደግሞ «ሌላ ቀን እንድገመው» የሚባል አይደለም።

ሦስተኛ፦ ምን ኮምፒውተር አለህ፣ በምን ይሰካል? ስም መናገር ካልቻለ የመሰኪያውን ፎቶ አንስቶ በስልክ እንዲልክልን እናደርጋለን። እኛን 31 ካርድ ያስታቀፈን ይህን አለመጠየቅ ነው።

አራተኛ፦ ድራይቨሩ አለ ወይ? ከመግዛታችን በፊት ሻጩ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ እንዲያሳየን እንጠይቃለን። አንድ ትራክ ቀርጸን፣ እሱን እየሰማን ሁለተኛውን እንደርባለን። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የ1989ኙ ሳውንድ ብላስተር የወደቀበትን ፈተና ዛሬ ርካሹም ሣጥን ያልፋል፤ መዘግየቱን ግን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

አምስተኛ፦ መብራቱ እንዴት ነው? ለብዙ ቤቶች ትልቁ ችግር እምምም የሚለው የመብራት ድምፅ ነው። መሬት ያልተያያዘ መስመር፣ ረጅም ርካሽ ገመድ፣ ከአጠገቡ የስልክ ቻርጀር ካለ የመቶ ሺህ ብር ካርድም ያንኑ ድምፅ በ24 ቢት አጥርቶ ይቀርጽላችኋል። ሁሉንም ከአንድ መሰኪያ ማብራት፣ ባላንስድ የሚባለውን ባለ ሦስት መስመር ገመድ መጠቀም፣ ላፕቶፑን ለቀረጻው ሰዓት በባትሪው ማሠራት ብዙ ጊዜ ከአዲስ ካርድ ይልቅ ይረዳል።

ቁጥሩ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኢንተርፌስ 24 ቢትና 96 ኪሎ ኸርዝ፣ ብዙዎቹም 192 ይችላሉ። ለቤት ቀረጻ 24 ቢት በ48 ወይም በ44.1 አድርጉት ብለን እንመክራለን፤ ዲስካችሁም ኮምፒውተራችሁም ያመሰግናችኋል። 192 ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ያንን ገንዘብ ለማይክና ለገመድ አውሉት፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ መስቀል ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ካርቶኑ ዛሬም እዚያው ነው። ከሸጥናቸው አምስት ካርዶች አንዱ አሁንም እየሠራ መሆኑን ባለፈው ዓመት አየን። ባለቤቱ አሮጌ ዴስክቶፑን ኢንተርኔት ሳያገናኝ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒውን ሳይቀይር አስቀምጦታል። ትንሽ ሚክሰር ከፊቱ አለ፤ የሰፈሩን ልጆች መዝሙር ይቀርጽበታል። ድምፁ ንጹሕ ነው። «ምነው ከዚህ ዓይነት ሌላ አላችሁ? ይኼ ቢበላሽብኝስ?» ብሎ ጠየቀን። 31 አሉን አልነው። አንዱን ለመጠባበቂያ ሰጠነው፤ ገንዘብ አልተቀበልንም።

ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ አሁን ያሉት 30 ናቸው። አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው፣ ፒሲአይ መሰኪያ ያለው፣ ብቻውን የሚቀርጽ ወገን ካለ ይምጣና ይውሰድ። ሲመጣ ግን የኮምፒውተሩን የኋላ ክፍል ፎቶ ይያዝ። ያለዚያ አንሰጥም።